ጥሩንባ ነፊያችን ጋዜጠኝነት ይማሩልን

በእድራችን ጥሩንባ ነፊ ላይ ቅሬታ አለኝ። በጽሑፍ ላቀርብ አስቤ ነበር። ችግሩ የእድሩ ጸሐፊ እኔው ነኝ። ጽፌ ለራሴ ከማስገባ እዚሁ ልተንፍሰው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ እኛ ጋ ይጀምራል። አዲስ አበባ እዚህ ታልቃለች። ውሃዋ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቃል። እኛ የኮንዶሚኒየም ሰዎችና ከጀርባችን ያለው የድሮ ሰፈር አንድ እድር ነን። ጥሩንባ ነፊውን ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ነፍተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር አላሻሻሉም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ይነፋሉ። የሟቹን ስም ይጠራሉ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራሉ። አለቀ። «ምንጭዎ ማነው?» ብትሏቸው «እናቱ» ይሏችኋል። ማጀቢያ ሙዚቃ የለ። የሚውለበለብ ባንዲራ የለ። ተንታኝ አይጋብዙ። ሞቱ ለቀጠናው ያለውን አንድምታ አያብራሩ። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ሚዲያ ይዘን ነው እንግዲህ የምንኖረው።

ደግነቱ ቴሌቪዥን አለ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ጦርነት ተጀመረ። ይቅርታ፣ ጦርነት አልነበረም። «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» ነበር። ስሙን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ኅዳር 19 መቀሌ ተያዘች፤ ዘመቻው ተጠናቀቀ ተባለ። በሁለተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ሠራዊቱ ከተሞችን ሲይዝ አንድም ሰላማዊ ሰው እንዳልገደለ ተናገሩ። ኮራሁ። ሌላው ዓለም ጦርነት ገጥሞ ሰው ይፈጃል። እኛ ጦርነት ሳንገጥም ከተማ እንይዛለን፣ ያውም ማንም ሳይሞት።

ከሰባት ወር በኋላ ሰኔ 21 ቀን ሠራዊቱ ከመቀሌ ወጣ። ያላዋቂ ሰው ይህን ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል። ዜናው ግን «የተናጠል ተኩስ አቁም» አለው። ምክንያቱም ገበሬው የክረምቱ እርሻ እንዳያልፈው ነው። እዚህ እኛ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበትን መሬት ያርሱ የነበሩ አንድ አዛውንት ይህን ዜና አብረውኝ ሰሙ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ለካ የእርሻ ወቅት ያውቃሉ» አሉ። አድናቆት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ስም በማውጣት የሚያህለን የለም። ሕግ ማስከበሩ አድጎ «የህልውና ዘመቻ» ሆነ። ቀጥሎ «ዘመቻ ለኅብረ ብሔራዊ አንድነት» ተባለ። የወዲያኛው ወገንም ከማን ያንሳል፣ «ዘመቻ አሉላ» ብሎ መጣ። ራስ አሉላ ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። እረፍት ግን የላቸውም።

ከሁሉም የማልረሳው የደሴን ነገር ነው። በጥቅምት 2014 ህወሓት ደሴን ያዝኩ አለ። መንግሥት ደግሞ ሐሰት ነው፣ ከተማዋ በእጃችን ናት አለ። ያን ሰሞን ከደሴ የመጡ ዘመዶቻችን እኛ ሳሎን ፍራሽ ዘርግተው ያድሩ ነበር። ዜናውን አብረን ሰማን። ባልና ሚስቱ ተያዩ። «ታዲያ እኛ ለምን መጣን?» አለች ሚስትየዋ። መልስ አልነበረኝም። ሻይ ጨመርኩላት። ኅዳር 27 ደሴ ነፃ ወጣች የሚል ሰበር ዜና መጣ። እልል አልን። ያልጠፋ ዕቃ ሲገኝ እኮ ደስታው እጥፍ ነው።

ጋሼ እንዲህ ያለ ችሎታ የላቸውም። አንድ ጊዜ የሁለት ሰዎች ስም ተምታቶባቸው የቆመ ሰው «ሞተ» ብለው ነፉ። ቀኑን ሙሉ በየቤቱ እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ። ሰውየውን ጉልበቱን ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። እንዴት ያለ ውርደት ነው! ቴሌቪዥናችን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምታችኋል? ክብሩን የሚያውቅ ሚዲያ ወደ ነገው ድል ያልፋል እንጂ የትናንቱን አይጎረጉርም።

እኔም አንዴ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቻለሁ። አደባባዩ ጋ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ማይክ አፌ ስር መጣ። «በተገኘው ድል ምን ተሰማዎት?» አለኝ ልጁ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ውሃ ከጠፋ 9 ቀኑ ነው አልኩት። የጎረቤታችን ልጅ ከዘመተ ወዲህ ደውሎ አያውቅም፣ እናቱ የምትጠይቅበት ቢሮ ካለ ንገረኝ አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ማታ ቤተሰቡን ሰብስቤ ጠበቅኩ። መጣሁ! አፌ ይንቀሳቀሳል። እጄም ይወራጫል። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው። «የአካባቢው ነዋሪዎች በድሉ መደሰታቸውንና ለሠራዊቱ ደጀን መሆናቸውን ገለጹ» ይላል። ልጄ «አባዬ፣ ድምፅህ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከእኔ ድምፅ ያምራል።

ፖለቲከኞቻችንን ሳላመሰግን ባልፍ ደግሞ ነውር ነው። በተለይ ለጋስነታቸውን። መስዋዕትነትን እንደ እነሱ የሚያድል ሰው አላየሁም። ሁሉንም ለሰው ይሰጣሉ። ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ቁራሽ እንኳ አያስቀሩም። ሥልጣን ላይ ያለውም ይሰጣል፣ ሥልጣን የሚፈልገውም ይሰጣል። ባሕር ማዶ ያለውማ አይጣል ነው! እኛ ዘንድ ሌሊት፣ እሱ ዘንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ «ለመጨረሻው ፍልሚያ ተነስ!» ይላል። ከዚያ «ከመነሳትህ በፊት ሰብስክራይብ አድርግ» ይላል።

በዩቲዩብ ዓለም አንዲት ከተማ በአንድ ምሽት በሁለቱም ወገን ትያዛለች። መንግሥትም በየሳምንቱ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይሉ ነበር። ዩቲዩብን አላዩም። መላው ተጨምሮ፣ በቀይ ቀስት ተከቦ ነው የሚመጣው።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያህን አስመዝግብ፣ ሰፈርህን ጠብቅ ተባለ። እኔ እጅ ያለው ብረት የእድሩ ድንኳን ካስማ ብቻ ነው። እሱን ይዤ ልሂድ ብዬ ባለቤቴ ከለከለችኝ። ልክ በዓመቱ፣ አንድ ቀን ሳይዛነፍ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በሚያዝያ 2013 አሸባሪ የተባለው ድርጅት በመጋቢት 2015 ከመዝገቡ ተፋቀ። የዜና አንባቢን ሙያ ያደነቅኩት ያኔ ነው። ትናንት «ጁንታ» ይል የነበረ ምላስ ዛሬ ስም ከነማዕረጉ ይጠራል። አንዴ እንኳ አይደናቀፍም። እኔ የቤት ቁጥሬ ሲቀየር ለስድስት ወር አሮጌውን እናገር ነበር።

ያው ምላሱ ሥራ ፈትቶ አልቀረም። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልሉ ግጭት የተነሳ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። «ጁንታ» ወጣ፣ «ፅንፈኛ» ገባ። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ።

የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦባሳንጆ በሰሜኑ ጦርነት የሞተው ሰው 600 ሺህ ሊደርስ ይችላል ብለው ነበር። ይህን ቁጥር ከማታው ዜና አልሰማሁም። ምናልባት መብራት በጠፋበት ሰዓት ተነቦ ይሆናል። እኛ ጋ ብዙ ይጠፋል።

እኔ የማውቀው ቁጥር የእድሩን ደብተር ነው። ባለ መስመር ተራ ደብተር ነው። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቀን፣ የቀብር ቦታ፣ ያልተገኙ አባላት። ከ2014 ጀምሮ «የቀብር ቦታ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ሰረዝ መግባት ጀመረ። አስከሬን የሌለው ለቅሶ። ፎቶ ይቀመጣል። ድንኳን ይተከላል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰልስት ይወጣል። ቀብር ግን የለም። ኮሚቴያችን ሁለት እሁድ ተቀምጦ ተከራከረ። ቀብር ለቀረ አባል ቅጣት አለን፤ ቀብር ከሌለ ማንን እንቅጣ? የመቃብር ማስቆፈሪያውስ ለቤተሰቡ ይሰጥ ወይስ ይቅር? ደንባችን ሲጻፍ ይህን ያሰበ አልነበረም። ይሰጥ ተባለ። ገንዘቡን የወሰድኩላት አንዲት እናት ተቀብላ ቆጠረችው። ከዚያ «የት ልቆፍርበት?» አለችኝ።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። ጋሼን በነፃ ላሠለጥናቸው ሞክሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ‹ሞተ› የሚለውን ይተዉት» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹ስልታዊ ማፈግፈግ አደረገ› ይበሉ። እንዲያ ነው አሁን የሚባለው።»

አሰቡበት። ጥሩንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ አሰቡበት። ከዚያ «ለቀስተኛው ታዲያ ወደየትኛው ቤት ይሂድ?» አሉኝ። ተስፋ ቆረጥኩ። ይህን የሚጠይቅ ሰው መቼም ቢሆን ስቱዲዮ አይገባም።

ባለፈው ክረምት ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። እንደወትሯቸው አልነፉም፤ መጀመሪያ ወደኔ መጡ። ዝናብ ጋቢያቸውን አርሶታል። የጎረቤታችን ልጅ ነው አሉኝ። ያ ማይክ ላይ ያልኩት፣ ድምፁ የተቆረጠው ልጅ። መርዶው ሌሊት ለአጎቱ ደርሷል። እናትየው ገና አልሰማችም፤ ሽማግሌዎቹ እየሄዱ ነው።

«ቀብሩን ምን ብዬ ልንፋ?» አሉ።

ደብተሩን ገለጥኩ። ስሙን ጻፍኩ፣ የቤት ቁጥሩን ጻፍኩ።

«ሰረዝ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ሰረዝ በጥሩንባ አይነፋም» አሉኝ።

ትንሽ ቆመን ቆየን። የመጋዘኑን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ድንኳኑ ካለፈው ለቅሶ ገና አልደረቀም ነበር።