እርማት፦ እኩል ዕድል ብቻውን ሲምፕል ራንደም አያሰኝም

«እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ካለው ናሙናው ሲምፕል ራንደም (ቀላል የዕጣ ናሙና) ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በብዙ የክፍል ማስታወሻዎችም ስለሚገኝ መታረም አለበት። መስፈርቱ ከዚህ ይጠብቃል፤ ዕድሉ እኩል መሆን ያለበት ለግለሰቦቹ ብቻ ሳይሆን ሊወጣ ለሚችለው ቡድን ሁሉ ነው።

24 ሴትና 16 ወንድ ካሉበት ክፍል 5 ተማሪ እንምረጥ። የ40ውን ስም ደባልቀን ዕጣ ብናወጣ ሊወጡ የሚችሉት ቡድኖች 658,008 ናቸው፤ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። አሁን ለየብቻ አድርገን ከሴቶቹ 3፣ ከወንዶቹ 2 በዕጣ እናውጣ። የአንዷ ሴት ዕድል 3/24፣ የአንዱ ወንድ 2/16 ነው፤ ሁለቱም 1/8፣ ልክ እንደ ቀድሞው 5/40። ነገር ግን 3 ሴትና 2 ወንድ ያልሆነ ቡድን፣ ለምሳሌ አምስቱም ሴት የሆኑባቸው 42,504 ቡድኖች፣ ከእንግዲህ ሊወጡ አይችሉም። የቀሩት 2,024 (3 ሴት የሚመረጥባቸው መንገዶች) × 120 (2 ወንድ የሚመረጥባቸው) = 242,880 ብቻ ናቸው። ይህ፣ በምድብ ከፍሎ ከየምድቡ ለየብቻ ዕጣ ማውጣት፣ ስትራቲፋይድ ሳምፕሊንግ ነው።

ልዩነቱ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የሴቶቹና የወንዶቹ ውጤት በጣም የሚራራቅ ከሆነ፣ እዚህ ላይ የሲምፕል ራንደሙን የስታንዳርድ ኤረር (የናሙናው አማካይ በዕጣው ምክንያት ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል መለኪያ) ቀመር መጠቀም ስህተቱን ከእውነተኛው አጋንኖ ያሳያል። ከሁለቱም ምድብ 3፣ 3 ከተወሰደ ደግሞ አማካዩ ራሱ ይዛባል፤ የሴቶቹን አማካይ በ0.6፣ የወንዶቹን በ0.4 አባዝቶ መደመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክልሎችን በከተማና በገጠር ለይቶ በ21 ምድብ ናሙና የወሰደ ነው፤ አገራዊ አማካይ ከዳታው ሲሰላ ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን ክብደት (እንደ 0.6ና 0.4ቱ ያለ ማባዣ) መጠቀም ግድ ነው።