የሃምሳ ዓመት ላብ በማሽን ስም አይመዝገብ

«ሁሉም በሽታ በአሥር ዓመት ገደማ ሊድን ይችላል።» የጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ የዲፕማይንድ ኃላፊ ዴሚስ ሃሳቢስ እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርበው ስለዚሁ ቴክኖሎጂ እገዛ የተናገሩት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ አስተጋቢው በዛ። ጭራሽ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፕሮቲንን ቅርጽ በደቂቃ ካወጣ፣ ከእንግዲህ ቤተ ሙከራ ምን ያደርጋል?» የሚልም መጣ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ማሽኑ ከማን ተምሮ ነው? የፕሮቲንን ቅርጽ የሚገምተው የዲፕማይንድ ፕሮግራም አልፋፎልድ የሠለጠነው፣ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ያገኟቸው ቅርጾች በሚከማቹበትና በ1971 በተቋቋመው የፕሮቲን መረጃ ባንክ ውስጥ ባሉ 170 ሺህ ገደማ ቅርጾች ነው። ከእነዚህ ጀርባ የሰው ዕድሜ አለ። እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን ኢንሱሊንን በኤክስሬይ መመርመር የጀመሩት በ1934 ነበር፤ ቅርጹን ያገኙት በ1969። 35 ዓመት! ሳይንቲስቱ ማክስ ፔሩትዝም በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ደክመዋል። ፕሮቲኑን ማጣራት፣ በኤክስሬይ የሚመረመር ክሪስታል እስኪሠራ መጠበቅ፣ ሲበላሽ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ውጤቱን ለዓለም በነፃ መስጠት። ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነውም ግብር ከፋዩ ነው። በዚሁ ክምችት የሠለጠነው አዲሱ እትም አልፋፎልድ 3 ግን በሜይ 2024 ጥናቱ ሲታተም የፕሮግራሙ ኮድ ተደበቀ። ከአንድ ሺህ በላይ ሳይንቲስቶች ፈርመው ተቃወሙ፤ ኮዱ የወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሌላው ዘርቶ፣ አጭዶና ወቅቶ የሞላውን ጎተራ መቆለፍ ማለት ይህ ነው።

ዲፕማይንዶች ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾችን በነፃ መልቀቃቸውን አልክድም። ግን የተለቀቀው ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ መድኃኒት አይሆንም። ካላዛርን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ፣ የሌይሽማኒያ ፕሮቲኖች ግምታዊ ቅርጽ ከ2021 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ካላዛር የያዘው የቀን ሠራተኛ ግን የተለመደው ሕክምናው ዛሬም የ17 ቀን መርፌ ነው፤ አንዱ መድኃኒት አንቲሞኒ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ያለበት፣ ልብን ሊጎዳ የሚችል። አዲስ መድኃኒት በሕዋስ፣ በእንስሳ፣ ከዚያም በሰው ላይ መፈተሽ አለበት። የበሽተኛው አካል መልስ እስኪሰጥ የሚወስደውን ጊዜ የትኛውም ኮምፒውተር አያሳጥረውም።

ስለዚህ በጀት የምትመድቡ ሁሉ፣ የቤተ ሙከራውን ገንዘብ ለኮምፒውተር ከማዞራችሁ በፊት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌይሽማኒያ ሕክምና ማዕከል ሄዳችሁ አልጋ ላይ ያለውን ያን ሠራተኛ አነጋግሩት።