ኪቱ ደሴ ይምጣ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ስለ ላብራቶሪ አገልግሎት በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ነገር አናዶኛል። እንደ ሉፐስ ያሉትን፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃባቸውን በሽታዎች በደም ፕሮቲን መለየት ለኛ ቅንጦት ነው አሉ። በሽታው የፈረንጅ ነው፣ የቸገረው ካለ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍለታል ብለውም ጨመሩ። ያጨበጨበም ነበር።

የፈረንጅ በሽታ? እዚያው አሜሪካ ሉፐስ ከነጭ ሴቶች ይልቅ ጥቁር ሴቶችን በብዛት ያጠቃል። ኩላሊት ላይ የሚበረታውም በእነሱ ነው። ሳይመረምሩ የለም ማለት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

በነዚህ በሽታዎች የሰውነት መከላከያው በራሱ አካል ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ይህ ፕሮቲን ነው፤ ደም ውስጥ ይለካል። ይህንኑ የሚፈልግ ኤኤንኤ የሚባል ምርመራ አለ፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ሉፐስ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ ደግሞ መገጣጠሚያ የሚያጠቃውን ሩማቶይድ አርትራይተስን ከሌላው ቁርጥማት ለመለየት ይረዳል። የቆየው ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ ግን በቲቢም በሄፓታይተስም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የወታደሮችን የተቀመጠ ደም መርምሮ ነበር። ሉፐስ ከያዛቸው 130 ሰዎች የ115ቱ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ በሽታው ከመታወቁ በፊት ተገኝቷል። አንዳንዶቹ ላይ ከ9 ዓመት በፊት!

መሣሪያ የለንም የሚለውን አልሰማም። ደም ባንክ የለጋሾችን ደም ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ የሚመረምረው ኤላይዛ በሚባል፣ ፕሌት በተባለ ባለ ጉድጓድ ሰሌዳ ላይ በሚሠራ ዘዴ ነው። ኤኤንኤም አንቲ ሲሲፒም በኤላይዛ ይሠራሉ። ዘዴው አንድ ነው፤ የሚለየው ፕሌቱ ላይ የሚለጠፈው ፕሮቲን ነው። ባለሙያውንም ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ያስመርቃል። የጎደለው ኪት (ምርመራው የሚሠራበት ዕቃ)፣ ሥልጠናና የጥራት ቁጥጥር ነው።

ገንዘብ ይጠይቃል፤ አዎ። አሁንስ ማን እየከፈለ ነው? ታማሚዋ ናት። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን። አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ የአስታማሚ ወጪ አለ። ከኩታበር ተበድራ ደሴ የደረሰች ሴት ሪፈሩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ፊቷ ላይ የወጣውን ምች ነው ይሏታል፤ ዳማከሴ ይጨመቅላታል። ኩላሊቷ ሲደክም ነው እንደገና የምትመጣው። ያኔ ዲያሊሲስ ነው። ዲያሊሲስ ከኪት ይረክሳል የሚል ካለ መጥቶ ያስላልን።

ኤኤንኤ ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ይሆናል የሚሉ ሐኪሞች እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ሐኪም ሳይጠረጥር አይታዘዝ። ይህ ግን ምርመራውን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

ለሐምሌ በጀት ሁለቱ ምርመራዎች፣ ኤኤንኤና አንቲ ሲሲፒ፣ ይያዙ። ሥራው ደሴ ላይ ይጀመር፤ ከኮምቦልቻና ከቦሩ ሜዳ ናሙናው ብቻ ይላክ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት የተቀዳ ደም ከሰዓት በፊት ደሴ ይደርሳል።