እንቁላሉን እንደ እንቁላል ቅጡ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ አጎቱ እንድሆንለት ለመነኝ።

ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ታክሲ እየጠበቅሁ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ጺሙ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ ልጅ ጠጋ አለኝ። መዳፉ ውስጥ የታጠፈች መቶ ብር አለች። "ጋሼ፣ ወላጅ አምጣ ተብዬ ነው። አጎቱ ነኝ ብለው ቢገቡልኝ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም" አለኝ። ምን አጥፍተህ ነው ስለው ስልክ ይዞ ክፍል መግባቱን ነገረኝ። አባትህስ? ክፍለ ሀገር ነው። እናትህስ? "እሷ ከሰማች ትገድለኛለች።"

ስልክ ይዞ መግባቱ ጥፋት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ ስልክ ይዞ በመግባትና በመገደል መካከል ሌላ ነገር ያለ አይመስለውም። በጥፋቱና በመጨረሻው ቅጣት መካከል አንድም ደረጃ አይታየውም። ይህን ያስተማርነው እኛ ነን።

ሁላችንም ሰምተነው ያደግነው ተረት አለ። ልጅ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ይመጣል፤ እናቱ ዝም ትላለች። ዶሮ ያመጣል፤ አሁንም ዝም። ሲያድግ በሬ ይሰርቃል፤ ይያዛል፤ ሞት ይፈረድበታል። ያን ጊዜ "እናቴ፣ ምነው በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" ይላል። ይህን ተረት ልጅ ለመግረፍ ምስክር አድርገን ስንጠራው ኖረናል። እስቲ ደግመን እንስማው። ልጁ በእንቁላሉ ጊዜ ቅጪኝ አለ እንጂ በእንቁላሉ ጊዜ ስቀዪኝ አላለም። ለእንቁላል የእንቁላል ቅጣት አለው፤ ለዶሮም የዶሮ። እኛ ግን ወይ እንቁላሉን እያየን እንዳላየ እናልፋለን፤ ወይ ለእንቁላሉ የበሬውን ቅጣት እናወርዳለን።

ኩረጃን ተመልከቱ። አራተኛ ክፍል ላይ አንድ ልጅ ከጎኑ ካለው ልጅ አይቶ ሲጽፍ ማንም ምንም አይለውም። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ራሳችን ወላጆች "ከጎበዝ ልጅ አጠገብ ይቀመጥልኝ" ብለን እንማጸናለን። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ፣ በጸጥታ ኃይል ጥበቃ፣ ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው እንዲሰጥ ግድ ሆነ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ ኩረጃ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን አራተኛ ክፍል ላይ በአንድ ቃል የሚመለሰውን ነገር 12ኛ ክፍል ላይ በፖሊስ ለመመለስ ሞከርን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉ ሰዎች ልጆች አይደለንም እንዴ?

መምህራን፣ እኔም ስድስት ዓመት ጠመኔ ይዣለሁና የምናገረውን አውቃለሁ። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሁሉም አንዴ ሲንጫጫ እጅ ወደ መግረፊያው ጎማ ይሮጣል። ግን ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአንቀጽ 36፣ ልጅ በትምህርት ቤት ውስጥ አካሉ ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ ነው ይላል። ከዚያም ቀድሞ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ አገራችን የሕፃናት መብቶችን ስምምነት ተቀብላለች። የትምህርት ቤት ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ የሚያዘው ይኸው ስምምነት ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ጎማው መሳቢያ ውስጥ አለ። ጠጠር ላይ ማንበርከክ አለ። ጆሮ መቆንጠጥማ ቅጣት መሆኑንም ረስተነዋል።

ዱላ ቢሠራ ኖሮ ያው ልጅ በነጋታው ባልተመታ። በእኔ ልምድ የሠራው ሌላ ነገር ነው። ማስተማሬን ሳላቋርጥ ሄጄ ከሚረብሸው ልጅ ዴስክ አጠገብ መቆም። አብዛኛው ነገር እዚያ ያልቅ ነበር። ካላለቀ ደውል ሲደወል "ቆይ፣ ላናግርህ" ማለት። ሰው ፊት አይደለም፤ ሁለታችን ብቻ። ከዚያ ቀኑን፣ ያጠፋውንና የተነጋገርነውን በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ መጻፍ። ይህች ደብተር ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። መዝገብ የሌለው መምህር ልጁ ለስንተኛ ጊዜ እንዳጠፋ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚቀጣው በጥፋቱ ልክ ሳይሆን በዚያን ቀን ንዴቱ ልክ ነው። መዝገብ ሲኖር ግን ልጁም የት እንደቆመ ያውቃል። ቦታው ይቀየራል፤ ለክፍል ኃላፊው ይነገራል፤ ወላጅ በስልክ ይሰማል፤ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ልጁ ይፈርማል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ይህ ሁሉ አልፎ ነው። መታገድና መባረር ደግሞ ከዚያም ወዲያ ነው። ስለት ይዞ የመጣ ወይም ሴት ልጅ ላይ እጁን ያነሳ ግን ተራ አይጠብቅም፤ የዚያኑ ቀን ኮሚቴ ፊት ይቁም። እሱ በሬ ነው።

የአርፋጆች ነገርማ ያሳዝነኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በማንኛውም ትምህርት ቤት በር እለፉ። ተዘግቷል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነስቶ ጄሪካን ሲሞላ ያረፈደውና ፊልም ሲያይ አምሽቶ እንቅልፍ የጣለው እኩል ውጭ ቀርተዋል። "እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ" እንላለን፤ እዚያ በር ላይ ግን እኩል የሚያስለቅሳቸው ትምህርት ቤቱ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ያመለጠውን ልጅ ሙሉ ቀን ማሳጣት ምን የሚሉት ቅጣት ነው? ደግሞ በር የተዘጋበት ልጅ ቤቱ አይመለስም። ፑል ቤት አለ፤ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፤ አጥሩን ተደግፎ ጫት የሚሸጥም አለ። እነሱ "ለምን አረፈድክ" አይሉትም።

ርዕሰ መምህራን፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ። የባለሀብቱ ልጅ በምክር ሲታለፍ፣ የጉልት ነጋዴዋ ልጅ በዚያው ጥፋት ሲታገድ፣ ልጆቹ ያያሉ። ከዚያ በኋላ የምትለጥፉትን ደንብ ማንም አያነበውም።

ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ የምቆጣው እናንተን ነው፤ እኔም ከእናንተ አንዱ ነኝ። ትምህርት ቤት ሲደውል "ሥራ ላይ ነኝ" እንላለን። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ነው። ስንሄድም ወይ "ልጄን ማን ይናገረዋል" ብለን መምህሩን ልጁ ፊት አዋርደን እንመለሳለን፤ ወይ እዚያው ቢሮ ውስጥ ቀበቶ እንፈታለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ "ዓይኑን ብቻ ይጠንቀቁልኝ እንጂ እንዳሻዎ ይግረፉልኝ" ብለን አደራ እንሰጣለን። ልጁን የምትወዱት ከሆነ በመጀመሪያው ጥሪ ሂዱ። የመጀመሪያው ጥሪ ቀላል ነው። በአራተኛው ጊዜ የምትሰሙትን ነገር መሸከም ይከብዳል። ደግሞም ሄዳችሁ አትምቱ፤ ስሙ። ልጅ ወላጁን በመጥራቱ ከተደበደበ ሁለተኛ አይጠራችሁም። አጎት ይከራያል።

ብሩን አልተቀበልኩትም። "ና፣ አብረን እንግባ፤ ግን አጎትህ ነኝ አልልም" አልኩት። ብዙ ካንገራገረ በኋላ ተከተለኝ።

የተማሪዎችን ሥነ ምግባር የምትከታተለው ዩኒት ሊደር የደከማት ሴት ነች። ሳልጨርስላት ገባት። "በር ላይ ያለው ሊስትሮ እኮ የአራት ልጆች አጎት ነው" አለችና ፋይሉን አወጣች። ልጁ ስልክ ይዞ ሲያዝ ይህ አራተኛው ነው። በሦስቱም ጊዜ "አጎት" ፈርሟል። እዚያው ፋይል ውስጥ የመመዝገቢያ ፎርሙ ነበር፤ የእናቱ ስልክ ቁጥርም አለ። "በዚህ ደውላችሁ ታውቃላችሁ?" ስላት መልስ አልሰጠችኝም። ስልኩን አነሳች።

እናትየው ብዙም ሳትቆይ መጣች። እንጀራ ጋግራ ነው የምትሸጠው፤ ክንዷ ላይ ሊጥ ደርቋል። ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አልመታችውም። አልጮኸችበትምም። ሦስቱን ፊርማ አንድ በአንድ አየችና "ይኼ አጎት የምትሉት ማነው?" አለች። ከዚያ ወደ ፎርሙ ጎንበስ ብላ ቁጥሯን በጣቷ ነካችው።

"ይኸው እኮ። ዘጠኝ ዓመቴ፤ ቀይሬው አላውቅም።"