«የድሬ ልጅ ሆነህ ሙቀት ትፈራለህ?»

ሐምሌ ሲገባ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር የድሬዳዋ ልጅ ይህን ቀልድ ሳይሰማ አይከርምም። ቀላጁ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ያውም ኤሲ ስር ተወሽቆ። «አቦ ተወኝ!» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እውነቱን ለሚፈልግ ግን መልሱ «አዎ፣ እፈራለሁ» ነው። ድሬ ሙቀት የሚችል ገላ አልሰጠችንም። ሙቀቱን የሚችለው የቤቱ አያያዝ ነበር፤ እሱ ደግሞ በየቀኑ የእናቶችንና የልጆችን ጉልበት ይበላ ነበር። ስለ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ ስለ ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳ፣ ኮከብ እየቆጠሩ ስለ ማደር ብዙ ይወራል፤ አልጋውን ማን አውጥቶ ማን እንዳስገባው ግን አይነሳም።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1902 በፈረንጅ እዚያው ቆላው ላይ ቀረ፤ ከተማዋም እዚያው በቀለች። በደንገጎ ዳገት በኩል ሐምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ይፈልጋል፤ የጀጎል ቤትም በወፍራም የድንጋይ ግድግዳው ቀኑን ቀዝቅዞ ይውላል። ለዚህ ነው ግቢ ማደር የድሬ እንጂ የሐረር ትዝታ ያልሆነው። ሁለቱን «ምሥራቅ» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል የሚቀናው እዚያ ያላደገ ሰው ነው።

ሥራው የሚጀመረው ፀሐይ ግቢውን ስትለቅ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ነው። መጀመሪያ ይጠረጋል፤ ቀጥሎ ውሃ ይርከፈከፋል። ለመካከለኛ ግቢ አንድ ባልዲ ይበቃል፣ በእጅ ወይም ታችዋ በሚስማር በተበሳሳ ጣሳ። መሬቱ ገና እየፋጀ ከተረጨ ውሃው ወዲያው ይተንና ግቢው ይታፈናል። ከበዛ ደግሞ ይጨቀያል፣ ቢምቢም ይጠራል። ልኩ አቧራው ተኝቶ አፈሩ ጠቆር እስኪል ነው፤ ከዚያ አልጋ ለማውጣት አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ቤት ውስጥ ለምን አይተኛም ቢሉ፣ ሰው የሚያማው ቆርቆሮውን ነው። ቆርቆሮ ግን እንደጋለ ሁሉ ቶሎ ይበርዳል። ጥፋተኛው ግድግዳው ነው፤ ድንጋዩና ጭቃው ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ውስጥ ሲተፋ ያመሻል። ከዚራ ሰፈር ያሉ ቤቶች ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸውም ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ይሻሉ ነበር። መጋላ ሰፈር ግን መሄጃው ግቢው ብቻ ነው።

አልጋው የጠፍር ቢሆን ይመረጣል፣ ከሥር ንፋስ ስለሚያስገባ። ላዩ ላይ ሰሌንና አቡጀዲ አንሶላ ይበቃዋል፤ ስፖንጅ ፍራሽ ከተነጠፈበት ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል። ጠፍሩ በጊዜ ብዛት ይረግብና መሐሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። የሚጠበቀው ርሶ ነው፦ እርጥብ ቆዳ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ውሃ አጠጥቶ፣ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እየሳቡ አስሮ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጠፍር ይሰነጠቃል። ትኋን ከገባ የፈላ ውሃ መጋጠሚያው ላይ ማፍሰስ ነው፤ ነገር ግን ቆዳውን ካገኘው ያኮማትረዋል፣ ስለዚህ እጅ ረጋ ማለት አለበት። ጉንዳን የሚበዛበት ቤት አራቱን እግሮች ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ያቆማል። አጎበሩ ደግሞ እግሮቹ ላይ በታሰሩ አራት እንጨቶች ይወጠርና ጫፉ ሰሌኑ ስር ይጠቀጠቃል። አጎበር ላይ ክንዱን አስደግፎ የተኛ ልጅ በመረቡ በኩል ይነከሳል፤ ጠዋት ክንዱ ብቻ አብጦ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሌሊት ዝናብ ከመጣ ያው ሩጫ ነው፣ አልጋ በአንድ ወገን፣ ሕፃን በሌላ ወገን።

ፈረንጅ ይህን አያውቅም ብሎ የሚኮራ ካለ ይታረም። አሪዞና ፊኒክስ ውስጥ ኤሲ ከመስፋፋቱ በፊት ሰው በረንዳ ላይ እርጥብ አንሶላ ተሸፋፍኖ ያድር፣ የአልጋውንም እግር ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ያቆም ነበር። እነሱ ማሽን ሲያገኙ ተዉት፣ ያው ነው። ማሽኑ የወሰደው ሌላ ነገር አለ፦ የድሬው ግቢ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪኛ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያወራ ያመሻል። እዚህ መስኮት ተዘግቶ የጎረቤት ድምፅ የሚሰማው ተናዶ ግድግዳ ሲደበድብ ነው።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ ዲያስፖራው እንስራ ገዝቶ ዋሽንግተን ላይ ሲሞክር «የድሮው ሸክላ ቀረ» ብሎ ያዝናል። ሸክላው ምንም አልሆነም። እንስራ የሚያቀዘቅዘው ውሃው በቀዳዳዎቹ ሰርጎ ላዩ ላይ ሲተን ነው፤ ከ10 ሊትር ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ያህል ቢተን የቀረው በሐሳብ ደረጃ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ በተግባር ግን ከውጭ የሚገባው ሙቀት ስለሚመልሰው አየሩ ከሚፈቅደው በታች አይወርድም። ጥላው 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ በሆነበት የድሬ ከሰዓት ወሰኑ ወደ 22 ዲግሪ ነው፤ 13 ዲግሪ ትርፍ። 32 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ባለበት የዋሽንግተን ቀን ግን ከ25 ዲግሪ በታች አይወርድም። ፊኒክስ ያሉት ይቀናቸዋል፤ እዚያ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ራሱ ሥራው የእንስራ ነው።

ድሬም ቢሆን እንስራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለጠላ እንደሚደረገው አይታጠንም፣ ቅባትም አይነካውም፣ ቀዳዳው ይደፈናልና። ከሥሩ ንፋስ እንዲያገኘው እንጨት ማስቀመጫ ላይ፣ ጥላና ንፋስ ባለበት ይቆማል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ላቡን ብቻ ያንጠባጥባል። የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ የበዛበት ነው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። ውሃው ሲተን ያው ነጭ እንስራው ላይ ይቀርና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በሎሚ ተሽቶ ይፋቃል፤ ሲብስበት አዲስ ይገዛል።

የሁመር (የታማሪንድ) መጠጥ አሠራር በአጭሩ፦ ሩብ ኪሎ የተላጠ ፍሬ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ በእጅ ይታሻል፣ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል፣ ስኳርና ሌላ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል። ከነፍሬው መቀቀል ጣዕሙን ያበላሸዋል፤ የአልሙኒየም ድስትም ኮምጣጣው ይበላዋል። እዚህ የእስያ ሱቆች የሚሸጡት የታሸገው ብሎክ ይሠራል፣ በጠርሙስ ያለው ጥቁር ጭማቂ ግን ተቀቅሎ የወፈረ ስለሆነ የድሬውን አይመስልም። ሽርጥማ ማንም አልተወውም፣ ሚኒሶታ በረዶ ውስጥም ቤት ሲገቡ ይታጠቃሉ።

ናፍቆት ላይ ከሚያስፈራው አንዱ በርሜሉ ነው። ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ከተማ 200 ሊትር በርሜል የሌለው ቤት አልነበረም፤ ያ በርሜል የትንኝ ቤትም ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባሉት የትኩሳት በሽታዎች ድሬን መትተዋል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። በዚያው አቆጣጠር በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው፣ ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲም እንዲሁ ናት፤ በ2022 ድሬ ላይ ለተነሳው ወባ ምክንያት ሆናለች። የቀደመችው የወባ ትንኝ ከዝናብ በኋላ ኩሬ ትፈልግ ነበር፤ ይህችኛዋ በደረቁ ወቅትም በርሜልና ሮቶ ይበቃታል።

ስለዚህ ለቤተሰብ ሮቶ ግዙ ብሎ ገንዘብ የሚልክ ሰው የሚጠይቀው ሊትሩን ብቻ መሆን የለበትም። ክዳኑ በደንብ ይገጥማል? የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ታስሯል? በርሜሉም ካለ በየሳምንቱ ይፈሳል፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈገፈጋል፤ የደንጌዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ወራት ደርቆ ይቆያልና ውሃውን ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ትንኝ አንድ ሳምንት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ቀጠሮው ከዚያ መዘግየት የለበትም።