ማስተካከያ፦ ስለሚጥል በሽታ የጻፍኩት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ስለ ነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የሚጥል በሽታ ጥናቶች ስጽፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። በሽታው «5.2 በመቶ» ሰው ላይ ተገኘ ብዬ ነበር። ትክክሉ ከ1000 ሰው 5.2 ነው፤ ከ200 ሰው አንድ ገደማ። ጥናቱ የተካሄደውም ቡታጅራ አካባቢ እንጂ እዚህ ጣና ዳር አይደለም። ይህን ያረምኩት እ.ኤ.አ. በ1990 በሕክምና ጥናት መጽሔት ከታተመው ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ጥናታቸው ሌላ ነው፤ እሱ የሚቆጥረው በየዓመቱ አዲስ የሚታመሙትን ነው።

ትናንት እዚሁ ባሕር ዳር አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ነው። «ከ20 ሰው አንዱ? ልጄን ደብቄ የኖርኩት በከንቱ ነዋ!» አለችኝ። እውነተኛውን ቁጥር ስነግራት ከበደኝ። መደበቅ ግን አሁንም አያስፈልጋትም።

ጽሑፉን ያጋራችሁ፣ በተለይ እድር ላይ ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ቁጥሩን አርሙልኝ። ስለ መድኃኒቱ ያልኩት እንዳለ ነው፦ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቋረጥም።