ከነቾኩ የተቆረጠው አፈሙዜ

ከጠመንጃ ጠጋኙ ሱቅ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው፤ እጄ አሁንም ከንዴት የተነሣ ይንቀጠቀጣል። ስለዚያ ባለ 28 ኢንች አፈሙዝ ሾትጋን፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ትንንሽ እርሳስ ስለሚተፋው ጠመንጃዬ፣ ስነግራችሁ ስለ ከረምሁ ታሪኩን እንደ አዲስ አልጀምርም። ዶሮ ለሚመስለው ትልቅ ወፍ፣ ለዱር ተርኪ አደን፣ አፈሙዙ ወደ 21 ኢንች እንዲያጥርልኝ ለጠጋኙ ሰጠሁት፣ አጠረልኝ፣ ቅዳሜ በ40 ያርድ ርቀት ወረቀት ላይ ስተኩስበት ግን እርሳሶቹ ሜዳ ላይ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበታተኑ።

ዛሬ ይህንኑ ወረቀት ይዤ ሄድሁ። ሰውዬው አየት አደረገውና «ቾኩ ስለ ተቆረጠ ነው» አለኝ፣ ጠበብ ያለውን የአፈሙዙን ጫፍ ማለቱ ነው፣ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ያህል ተረጋግቶ። «ታዲያ ከመቁረጥህ በፊት ለምን አልነገርኸኝም?» ስለው «አልጠየቅኸኝማ» አለ። «ባለሙያው አንተ አይደለህም ወይ?» ስለው ደግሞ ከኋላዬ ወደ ተሰለፉት ሰዎች ዘወር ብሎ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ፣ «ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል» አለ። ሁለቱ ሣቁ። አባቴ ምንሽሩን ከራስጌው ሳይለይ የኖረ ሰው ነው፤ የእርሱ ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠመንጃ አያውቅም ተባለ።

ቾክ ማለት አፈሙዙ ጫፉ ላይ ጠበብ የሚልበት ክፍል ነው፤ እርሳሶቹን ሰብስቦ የሚሰድዳቸውም እርሱ ነው። የእኔ አሮጌ ሬሚንግተን 870 ቾኩ የሚፈታና የሚቀየር ሳይሆን ከአፈሙዙ ጋር አብሮ የተሠራ ስለ ነበር፣ ጫፉ ሲቆረጥ ቾኩም አብሮ ይሄዳል። በፉል ቾክ፣ በእጅጉ በሚጠበው ዓይነት፣ ሲተኮስ በ40 ያርድ ላይ ከእርሳሶቹ 70 በመቶ ያህሉ 30 ኢንች ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያርፋሉ፤ ቾክ ከሌለ ቁጥሩ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። የዱር ተርኪ የሚመታው ራሱና አንገቱ ላይ ነው። በዚህ አፈሙዝ ተኩሼ ወፉን አቁስዬ ጫካ ውስጥ ልተወው እንዴ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጠመንጃውን በሰጠሁት ቀን ያደረገው ነው። አጭር አፈሙዝ ለምን እንደ ፈለግሁ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ የሾትጋን አፈሙዝ ከ18 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱም ከ26 ኢንች ማነስ እንደሌለበት፣ የአሜሪካ ሕግ ከ1934 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳለ እየደጋገመ አስተማረኝ። እኔ የጠየቅሁት 21 ኢንች ነው! ሕጉን ለመንገር የረዘመ ምላሱ ስለ ቾኩ ለመንገር አጠረ። ባለፈው ዓመትም የሰደፉን ጎማ አጣምሞ ገጥሞልኝ ትከሻዬ ለሳምንት ሲያመኝ ከርሞ ነበር፤ ያን ጊዜ ዝም ባልል ኖሮ ዛሬ ባልደረስሁበት።

ለመቁረጡና ማነጣጠሪያዋን ዶቃ መልሶ ለመትከሉ 90 ዶላር ከፍያለሁ። አሁን ደግሞ የሚቀየር ቾክ እንዲገባለት ውስጡን ጥርስ ላውጣለት፣ 140 ዶላር ጨምር ይለኛል። በዚያው ሱቅ ግድግዳ ላይ ያገለገለ ባለ 21 ኢንች አፈሙዝ፣ ከነሚቀየር ቾኩ፣ በ220 ዶላር ተሰቅሏል! የ870ን አፈሙዝ ለመቀየር እኮ ጠጋኝ አያስፈልግም፤ ከፊት ያለውን ክዳን በእጅ ፈትቶ፣ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ነው። ያን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ አሮጌው አፈሙዝ ከነፉል ቾኩ ለዳክዬ አደን በቀረልኝ ነበር። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሊያድነኝ የሚችለው ሰው፣ ዕቃው ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ መጋዙን አነሣ።

«ቤትህ ውስጥ በመጋዝ ብትቆርጠው ኖሮ 90 ዶላሩ ይተርፍህ ነበር» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ይህን ለማንም አትምከሩ። ቤት ቢቆረጥም ቾኩ ያው ይሄድ ነበር፤ በልኬት ስሕተት ከ18 ኢንች በታች ከወረደ ደግሞ እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነው።

ከእርሱ ሱቅ ሌላ ሳንቲም ስለማላወጣ አፈሙዝ ከሌላ ቦታ አዝዣለሁ፤ የሚደርሰው በ10 ቀን ነው። አደኑ የሚከፈተው የፊታችን ቅዳሜ ነው።